ለጅማ ጓሮ የሚሆን የጨፈቃ ቀፎ

አውሮፓ ውስጥ የጓሮ አትክልት የሚወዱ ሰዎች ባምብልቢ ለምትባል ጸጉራም፣ ወፍራም ንብ ትንሽ የእንጨት ሳጥን ይሠራሉ፤ ውስጡን በደረቅ ሣር ሞልተው ከአጥር ሥር ያኖሩታል። አሠራሩ በየመጽሔቱ ስለሚወጣ አይቶ መሞከር የሚያምረው አይጠፋም። ጅማ ላይ ግን ትርፉ ለአይጥ ቤት መሥራት ነው። ባምብልቢ በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ትገኛለች እንጂ ከሰሃራ በታች በተፈጥሮ የለችም። በእኛ ጓሮ የደረቀ እንጨት እየቦረቦረች ስታጉረመርም የምናያት ትልቋ ጥቁር ንብ የሌላ ወገን ናት፤ ስለ እሷ መጨረሻው ላይ እመለስበታለሁ።

ለጅማ ጓሮ የሚበጀው ማር የምትሠራው የራሳችን ንብ ናት። ቡና በራሱ ዱቄት ማፍራት ይችላል፤ ንብ ሲጎበኘው ግን ፍሬ የሚይዘው አበባ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የፓናማ ጥናት ንብ የደረሰባቸው ቅርንጫፎች በግማሽ ያህል የበለጠ ምርት እንደሰጡ አሳይቷል። በጅማ ዙሪያ ባሉ የቡና ማሳዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ደግሞ የቡናን አበባ ከሚጎበኙት ነፍሳት አብዛኛዎቹ ይህችው የማር ንብ መሆኗን ነው የነገረን። ከበጋው መጨረሻ ዝናብ ጠብ ብሎ ሳምንት ከአሥር ቀን ሲያልፍ ጓሮው ባንድ ጊዜ ነጭ ይለብሳል፤ አበባው የሚቆየው ሁለት ሦስት ቀን ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ቀፎ ከቡናው አጠገብ ያለው ሰው ይጠቀማል።

በአጋሮ፣ በሰቃ፣ በሸቤ፣ በሊሙ ገነት ዙሪያ ንብ ማነብ አዲስ ነገር አይደለም። በበለጠ ጌራ ደን ረጃጅም ዛፎች ላይ ተሰቅለው የሚታዩት ጋጉራ የሚባሉ ባህላዊ ቀፎዎች ከአያት ቅድመ አያት የወረዱ ናቸው። ነገር ግን ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ጓሮን አይጠቅምም፤ ማሩን ለመቁረጥም በሌሊት ገመድና ጭስ ይዞ የሚወጣ ጠንካራ ሰው ይፈልጋል። ሲቆረጥም ማሩ ከእጩ ጋር ተደባልቆ ይወጣል፤ ኅብረ ንቡ ብዙ ጊዜ ይጎዳል ወይም ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል።

የጨፈቃ ቀፎ የተሠራው ይህንን ለማስቀረት ነው። ሐሳቡ ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከተስፋፋው፣ ከላይ ተነቃይ አግዳሚ እንጨት ከሚደረደርበት ቀፎ የመጣ ነው፤ እኛ አገር በሳንቃ ፋንታ በጨፈቃና በጭቃ ሲሠራ የሽግግር ቀፎ ከሚባሉት ወገን ሆነ። ባለ ፍሬሙ ዘመናዊ ቀፎ ማር ማውጫ ማሽንና የሰም ማተሚያ ይፈልጋል። ይሄኛው ቢላዋና ባልዲ ይበቃዋል። ለጓሮ ሰው ባለ ፍሬሙን አልመክርም፤ አንድ ወይም ሁለት ቀፎ ለያዘ ሰው ወጪውን አይመልስም።

አሠራሩን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ። በዚህ ቀፎ ላይ ቀልድ የማያውቀው የአግዳሚዎቹ ስፋት ብቻ ነው። ግድግዳው ቢወላገድ፣ ምርጊቱ ቢሻክር፣ ቀፎው ትንሽ ቢያጥር ንቧ ምንም አትልም። አግዳሚው ላይ ግን ሚሊ ሜትር ትቆጥራለች።

ቦታው

የአገራችን ንብ ቁጡ ናት። ስለዚህ ከቤት በር፣ ከመተላለፊያ፣ ከልብስ ማስጫና ከጎረቤት ግቢ ቢያንስ 20 ሜትር የሚርቅ ማዕዘን ከሌለዎት የጓሮ ቀፎ ነገር ይቅርብዎ፤ መጨረሻው ላይ ያለው ሌላው አማራጭ ይሻልዎታል። ከሰው ይልቅ የሚያሳስበው የታሰረ እንስሳ ነው። ሰው ይሮጣል፤ በገመድ የታሰረች ፍየል ወይም በቅሎ የት ትደርሳለች? ቀፎ ባለበት አቅጣጫ እንስሳ እንዳይታሰር ለቤተሰቡም ለጎረቤትም አስቀድመው ይንገሩ።

መውጫ ቀዳዳው ወደ ምሥራቅ ቢዞር የጠዋት ፀሐይ ንቦቹን ቶሎ ለሥራ ታስነሳቸዋለች። ከመውጫው ፊት ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ ብሎ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አጥር ወይም የቡና ረድፍ ቢኖር ደግሞ ንቦቹ ገና ሲወጡ ሽቅብ ለመብረር ይገደዳሉ፤ በሰው ፊት ልክ አይመላለሱም። የቡና ጥላ የሚሰጠው ከፊል ጥላ ጥሩ ነው። ድቅድቅ ያለ ጥላ ግን በጅማ እርጥበት ሻጋታ ያመጣል።

በአቅራቢያው መድኃኒት የሚረጭበት የጫት ማሳ ካለ ቦታውን ይቀይሩ። ቡና አብዛኛውን ጊዜ ሳይረጭ ስለሚለማ ለንብ ደህና ነው፤ ጫት፣ ቲማቲምና ጎመን ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት ግን አንድ ጠዋት ብቻ ይበቃዋል፤ ማምሻውን ከቀፎው ሥር የሞተ ንብ በአካፋ ይዛቃል። ጎረቤትዎ መርጨቱን የማይተው ከሆነ ቢያንስ ንብ ከገባች በኋላ ማታ እንዲረጭ ይስማሙ።

አግዳሚዎቹ

ሥራውን ከአግዳሚዎቹ ይጀምሩ፤ የቀፎው ርዝመትና ስፋት የሚወሰነው በእነሱ ነው። 28 አግዳሚ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ 48 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ ደግሞ 3.2 ሳንቲ ሜትር ነው። 3 አይደለም፣ 3.5ም አይደለም።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ንብ የሰም እንጀራዋን ጎን ለጎን ስትሠራ ከአንዱ እንጀራ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል የምትተወው ልክ አላት። የእኛ ንብ ከአውሮፓዋ በአካል ስለምታንስ ልኳ 3.2 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ የአውሮፓዋ 3.5 ይደርሳል። አግዳሚው በዚህ ልክ ከተሰነጠቀ ንቧ በእያንዳንዱ አግዳሚ ሥር አንድ እንጀራ ብቻ ቀጥ አድርጋ ትሠራለች፤ እርስዎም አንዱን አግዳሚ ሲያነሱ አንድ እንጀራ ብቻ ይከተልዎታል። 3.5 አድርገው ቢቆርጡት በእያንዳንዱ 3 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። አሥረኛው ላይ ሲደርሱ ስህተቱ 3 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ሙሉ እንጀራ ያህል ሆኗል ማለት ነው። ንቧ ግን የራሷን ልክ ይዛ ስለምትቀጥል እንጀራው አግዳሚውን አቋርጦ ከሁለትና ከሦስቱ ጋር ይጣበቃል። እንዲህ ያለ ቀፎ ሳይሰበር አይከፈትም፤ ከባህላዊው ቀፎ በምን ተሻለ?

ጅማ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት። በርጩማ ፈልፍለው የሚሠሩ፣ እጃቸው የተባ አናጺዎች በየሰፈሩ አሉ። ልኩን ወረቀት ላይ ጽፈው ከመስጠት ይልቅ አንድ በትክክል የተቆረጠ አግዳሚ ይዘው ይሂዱና «ይህን የመሰለ 28» ይበሉ። ሥራውን ሲረከቡም እያንዳንዱን መለካት አያስፈልግም፤ አሥሩን ጎን ለጎን አጥብቀው ይግጠሙና ሜትር ይዘርጉ። 32 ሳንቲ ሜትር ካለ ያስማማል። 33 ከሆነ ይመልሱት፤ አናጺው «ለንብ ነው እኮ» ብሎ ቢስቅብዎትም ይመልሱት።

እንጨቱ በደንብ የደረቀና ኃይለኛ ሽታ የሌለው ይሁን። ግራቪሊያ በየጓሮው ስላለ ቀላሉ ነው። ከአናጺ ቤት የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ ከተገኘ ደግሞ ቀላልና የማይጠማዘዝ ስለሆነ ከሁሉም ይበልጣል። ለዚህ ብሎ ግን ዋንዛ መቁረጥ ነውር ነው፤ ቆሞ የሚያብበው ዋንዛ ለንቧ ከአግዳሚው የበለጠ ይጠቅማታል። እርጥብ ባሕር ዛፍ አይሁን፤ ሲደርቅ እንደ ቀስት ይጎብጣል፤ በአግዳሚዎቹ መካከልም ክፍተት ይፈጠራል።

በእያንዳንዱ አግዳሚ ሆድ ላይ፣ በስፋቱ መሐል ለመሐል፣ ከጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል እየተተወ፣ የመጋዝ ምላጭ ስፋት ያለው ቀጭን ቦይ ይወጣል። ጥልቀቱ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። በዚህ ቦይ የቀለጠ ሰም ይፈስበታል። ሰሙን እሳት ላይ በቀጥታ አይጣዱ፤ ይነዳል። ድስት ውስጥ ውሃ አፍልተው፣ ሰሙን በሌላ ትንሽ ጣሳ አድርገው ውሃው ውስጥ ያስቀምጡት። በማንኪያ እየቀዱ ቦዩን ይሙሉ፤ ሲረጋ ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲታይ ሁለተኛ ጊዜ ያፍስሱበት። ንቧ እንጀራዋን የምትጀምረው ከዚያች የሰም መስመር ላይ ነው። ሰም የሚገኘው ጠጅ ከሚጥሉ ቤቶች ነው፤ ማሩ ከተጣራ በኋላ የሚቀረውን ሰፈፍ በትንሽ ገንዘብ ይሰጡዎታል። አፍልተው በጨርቅ ያጥሉት።

አካሉ

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ቀፎው ጭቃ ቤት በትንሹ ነው።

የቀፎው ቅርጽ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ነው። የውስጥ ስፋቱ አፉ ላይ 44 ሳንቲ ሜትር፣ ወለሉ ላይ 19 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 29 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ግድግዳው እንዲህ ወደ ውጭ ሲያዘነብል ንቧ እንጀራዋን ከግድግዳ ጋር አታጣብቅም፤ ቀጥ ያለ ግድግዳ ቢሆን ኖሮ ታጣብቀው ነበር። ርዝመቱን ለማግኘት 28ን በ3.2 ያባዙ፤ 89.6 ይመጣል፤ 90 ሳንቲ ሜትር ብለው ይያዙት።

መጀመሪያ ሁለት ቀጥ ያሉ የሞራሌ ቁራጮችን በ90 ሳንቲ ሜትር ያስቆርጡ። አግዳሚዎቹ የሚያርፉት በእነዚህ ላይ ስለሆነ ከጨፈቃ አይሠሩ። በሁለቱ ሞራሌዎች መካከል 44 ሳንቲ ሜትር ከተተወ አግዳሚው በየጫፉ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ያርፋል። ከዚያ ሁለቱን የቀፎ ጫፎች፣ ፊቱንና ጀርባውን፣ መሬት ላይ በእንጨት ፍሬም ይሥሩ፤ ከላይ ከሞራሌዎቹ፣ ከታች ከሁለት ቀጫጭን አጣናዎች ጋር በሚስማር ያገናኙ። የማይወዛወዝ አጽም ሆነ ማለት ነው። ከላይ ወደ ታች አውራ ጣት የሚያህሉ እንጨቶችን በአንድ እጅ ስፋት ልዩነት ያቁሙና ጨፈቃውን በመሐላቸው እያሾለኩ፣ አንዴ በውስጥ አንዴ በውጭ፣ እንደ ቅርጫት ይጠምሩ። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ ሽመል፣ የደረቀ የቡና ጭራሮ፣ ሁሉም ይሆናል። በጠበቀ ቁጥር ጭቃው ይቀንሳል፤ ጭቃው ሲቀንስ ቀፎው ለማንሳት ይቀላል። ወለሉም በዚሁ መንገድ ይጠመራል።

ምርጊቱና ጣሪያው

ጅማ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለ እረፍት ይዘንባል። ደረቅ አገር ላይ ብዙ ዓመት የሚኖር ጭቃ እዚህ በአንድ ክረምት ሊፈርስ ስለሚችል ይህንን ክፍል አያቻኩሉት። ሥራውንም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ይጨርሱ።

ቀይ አፈር ይምረጡ፤ ጥቁሩ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ከጤፍ ጭድ ጋር በደንብ አቡክተው፣ በኮባ ቅጠል ሸፍነው ሦስት አራት ቀን ያቆዩት፤ በየቀኑ ውሃ ጨመር እያደረጉ ይርገጡት። ጭዱ መለስለስ ሲጀምርና ጭቃው ጣት ላይ ሲለጠጥ ደርሷል። ግድግዳውን በውስጥም በውጭም በቀጭኑ ይምረጉ። የመጀመሪያው ምርጊት ይሰነጠቃል፤ አይደንግጡ፣ ይድረቅና ስንጥቁን በሁለተኛ ቀጭን ምርጊት ይዝጉ።

መውጫውን አሁን ነው ማበጀት። ምርጊቱ እርጥብ ሳለ በፊተኛው ጫፍ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ስድስት ለስላሳ እንጨቶች ጎን ለጎን ይሰኩ። ጭቃው ጠንከር ሲል፣ ከመድረቁ በፊት፣ እያዞሩ ይንቀሏቸው። የተስተካከለ ቀዳዳ ይቀራል። ንቧ እንደ ልብ ትወጣበታለች፤ አይጥ አትገባበትም።

ሁሉም ሲደርቅ የሚቀረው ልቅለቃው ነው፤ ትኩስ እበትና የተነፋ አመድ በውሃ ተበጥብጦ በእጅ ይለቀለቃል። እበቱ ስንጥቁን ይይዛል። አመዱ ከነፍሳት ጋር ብዙም አይስማማም። የውስጡን ግድግዳ በእጅ መዳፍ እየዳበሱ ያለስልሱት፤ የሚወጋ ጭራሮ ካለ ንቦቹ ቀኑን ሙሉ ሲነክሱት ይውላሉ። ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አየር ላይ ይቆይ። እርጥብ ቀፎ ውስጥ ንብ አይሰፍርም፤ ቢሰፍርም አይቆይም።

አግዳሚዎቹን በሞራሌዎቹ ላይ ያለ ክፍተት ይደርድሩ፤ የቀፎው ጣራ እነሱው ናቸው። መጨረሻ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተረፈ በቀጭን እንጨት ይድፈኑት። ከላይ የውሃ መከላከያ ግድ ነው። ቆርቆሮ ብቻውን ፀሐይ ሲመታው ይግላል፤ ዝናብ ሲወርድበት ደግሞ ጩኸቱ ንብ ያውካል። ከሥሩ ወፈር ያለ ሣር ወይም የደረቀ የኮባ ቅጠል ያንጥፉ። ሽፋኑ በሁሉም በኩል ከቀፎው ግድግዳ ሁለት ስንዝር ይውጣ። በጅማ ንፋስ ዝናቡ ከጎን ስለሚመጣ በዚህ አይቆጥቡ፤ ያየኋቸው የፈረሱ የጨፈቃ ቀፎዎች አብዛኛዎቹ ሽፋናቸው ያጠረ ነበር።

ቀፎው በወገብ ልክ ከፍታ ባለው ቆጥ ላይ ይቀመጥ። ጉንዳን በዚህ አገር የንብ ቀንደኛ ጠላት ነው፤ በአንድ ሌሊት ሙሉ ኅብረ ንብ ያስኮበልላል። የቆጡን አራት እግሮች በፕላስቲክ ጠቅልለው ግሪስ ይቀቡ፤ በሥሩ አመድ ይነስንሱ። ዋናው ነገር ግን ሣር ነው። አንዲት ያደገች ሣር ቆጡን ከነካች ጉንዳኑ ግሪሱን ሳይረግጥ ይሻገራል። በየሳምንቱ ዙሪያውን ያጽዱ።

ንብ ማስገባት

ሁለት መንገድ አለ። ወይ ከነባር አናቢ ኅብረ ንብ ገዝተው እሱው እንዲያዛውርልዎ ማድረግ፣ ወይ ቀፎውን አዘጋጅቶ መንጋ እስኪገባ መጠበቅ። ማዛወር ልምድ ይጠይቃል፤ ጀማሪ ብቻውን አይሞክረውም። በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የንብ ባለሙያ ካለ ሰው እንዲጠቁምዎ ይጠይቁት። መጠበቁ ደግሞ በጅማ ዙሪያ ብዙ ጊዜ ይሳካል፤ ደኑ ቅርብ ነው፣ ንቡም ሞልቷል።

መንጋ የሚወጣው ምግብ ሲበዛ ነው፤ አንዴ አደይ አበባና መጭ ሜዳውን ከሸፈኑበት ከመስከረም ጀምሮ፣ ደግሞም ከቡናው አበባ ጋር። በጥር የደረቀ ቀፎ ለየካቲትና ለመጋቢት ይደርሳል። ውስጡን በወይራ ጭስ ያጥኑት። ከዚያ ጠጅ ሣር ጨምቀው ግድግዳውንና መውጫውን ይሹት። ይህ ተረት አይደለም፤ ሠራተኛ ንቦች ጓደኞቻቸውን ወደ ማደሪያ ለመጥራት የሚረጩት ሽታ ውስጥ ያለው ሲትራል የተባለ ንጥረ ነገር ጠጅ ሣር ውስጥም በብዛት አለ። የሰሙ ሽታ ሲጨመርበት ቀፎው ንብ የኖረበት ቤት ይመስላቸዋል።

መጀመሪያ የሚመጡት ጥቂት ቃኚዎች ናቸው። መውጫው ላይ እየገቡ እየወጡ፣ ግድግዳውን ሲዞሩ ካዩ ቀፎውን አይንኩ። ወሩ ካለፈና ማንም ካልመጣ ይክፈቱና ሸረሪት፣ በረሮ ወይም ጉንዳን ሰፍሮበት እንደሆነ ይዩ፤ ጠርገው እንደገና ያጥኑት። ንብ ሲገባም ሁለት ሳምንት ምንም አይክፈቱ። የበዛ ጉብኝት የእኛን ንብ ያስኮበልላል።

ንቦቹ የሚጠጡት ውሃ ቅርብ ይሁን። ሰፊ ሳህን ውስጥ ጠጠር ደርድረው ጠጠሩ ጫፉ እንዲታይ አድርገው ውሃ ይሙሉ። ውሃ ካላቀረቡላቸው የጎረቤት ቧንቧ ላይ ይሰለፋሉ፤ ጠቡ የሚጀመረው ከዚያ ነው።

መክፈትና ማር መቁረጥ

የፊት መሸፈኛ፣ ጓንትና ማጨሻ ሳይዙ አይቅረቡ። ማጨሻው ውስጥ ደረቅ ኩበት ይሁን፤ ጭሱ ነጭና ቀዝቃዛ እስኪሆን ይጠብቁ። ሰዓቱ አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ይመረጣል፤ የተቆጡት ንቦች ሳይውሉ ጨለማው ይሰበስባቸዋል። ከተነደፉ ቀስቱን በጥፍር ወዲያው ፈቅፍቀው ያውጡና ከቦታው ይራቁ፤ ከቀስቱ የሚወጣው ሽታ ሌሎቹን ይጠራል። ትንፋሽ ያጠረው፣ ፊቱና ጉሮሮው ያበጠ ሰው ካለ አንድ ደቂቃ ሳይባክን ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ቀፎውን ሁልጊዜ ከጀርባ ይክፈቱ። እጩና ንግሥቲቱ ብዙውን ጊዜ መውጫው አጠገብ ናቸው፤ ማሩ ወደ ኋላ ይከማቻል። የመጨረሻውን አግዳሚ በቢላዋ ጫፍ ፈልቅቀው ያንሱ፤ ባዶ ከሆነ ቀጣዩን በጎተቱ ቁጥር የሚሠሩበት ቦታ ያገኛሉ። እንጀራው ከአግዳሚው የተንጠለጠለ ብቻ ስለሆነ እንደተሰቀለ ቀጥ አድርገው ይያዙት፤ ወደ ጎን ካጋደሉት በራሱ ክብደት ተገንጥሎ ይወድቃል። አዲስ እንጀራ ነጭና እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፤ የቆየው ይጠቁራል። የደረሰ ማር ክዳኑ ላይ ደረቅ፣ ጠፍጣፋ ሰም አለው። የእጭ ክዳን ግን ቡናማና ጎበጥ ያለ ነው፤ እሱን አይንኩት።

ከእንጀራው ከሦስት እጅ ሁለቱ ካልተከደነ አይቁረጡት። የጅማ አየር እርጥብ ስለሆነ ያልተከደነ ማር ውሃ ይበዛዋል፤ ማሰሮ ውስጥ ይቦካል። ሲቆርጡ ከአግዳሚው ሥር ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ሰም ይተዉ፤ ንቧ ከዚያ ትቀጥላለች።

መቼ ይቆረጣል? አበቦቹን ይከተሉ። ግራዋ ከታኅሣሥ ጀምሮ ያብባል፤ ማሩ መረር ይላል፤ እኔ እወደዋለሁ፣ ለልጆች ግን አይጥምም። ቡናው በየካቲትና በመጋቢት ይከተላል፤ ከዚያ ነጩን ማር የሚሰጠው ገተም፣ ከዝናቡ ጋር ደግሞ ብሳና። ዋናው ቆረጣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። ግን ከፊት ያለውን ክረምት ያስቡ፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ንብ በዝናብ ታግታ ትራባለች። ከአሥር ያላነሱ እንጀራዎች ከነማራቸው ይተዉላት። ነሐሴ ላይ ቀፎው በእጅ ሲነሳ ከቀለለ ስኳር በውሃ እኩል በእኩል በጥብጠው፣ ጭድ ያረፈበት ሳህን ላይ አድርገው ከኋላ በኩል ያስገቡ፤ ጭዱ እንዳይሰምጡ ነው። ከጥንት ጀምሮ በሶና ሽሮ የሚያቀርቡም አሉ፤ ክፋት የለውም። ከክረምቱ በኋላ፣ መስከረም ላይ፣ የውጩን ልቅለቃ ይድገሙት።

ጓሮው ለቀፎ ካልበቃ

በጅማ ከተማ ውስጥ፣ ቤት ከቤት ተጋፍቶ ባለበት ሰፈር፣ የማር ንብ ማኖር አይቻልም። ለእንዲህ ያለው ጓሮ ለብቻቸው የሚኖሩትን ንቦች ማስጠለል ይቻላል። መንጋ የላቸውም፣ የሚጠብቁት ማር የላቸውም፣ በእጅ ካልጨበጧቸው አይናደፉም። አቮካዶና ቡና፣ ባቄላና ዱባ ይጎበኛሉ።

ከሸምበቆ አንድ ስንዝር የሚረዝሙ 30 ያህል ቁራጮች ይቁረጡ፤ የእያንዳንዱ አንድ ጫፍ በአንጓ የተዘጋ፣ ሌላው ክፍት ይሁን። የቀዳዳው ስፋት ከ4 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ቢለያይ የተለያዩ ንቦች ይመጡበታል። አፋቸውን በምላጭ ወይም በአሸዋ ወረቀት ያለስልሱ፤ ስንጥር ክንፍ ይቀዳል። በሽቦ አስረው፣ ክፍት አፋቸው ወደ ጠዋት ፀሐይ ዞሮ፣ ዝናብ በማያገኘው የጣራ ክፈፍ ሥር እንዳይወዛወዙ አጥብቀው ይስቀሉ። የቀዳዳው አፍ በጭቃ ወይም በተቆረጠ ቅጠል ከተደፈነ ውስጡ እጭ አለ፤ እስኪወጣ አይንኩት። ሸምበቆው በየሁለት ዓመቱ በአዲስ ይተካ፤ የቆየው ሻጋታና ጥገኛ ነፍሳት ያጠራቅማል።

ያቺ የምታጉረመርመው ትልቋ ጥቁር ንብ ደግሞ ሸምበቆው አይበቃትም። ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው የደረቀ፣ ቀለም ያልተቀባ ለስላሳ ግንድ አጥሩ ላይ ይሰሩላት፤ ከወራጅዎ ይልቅ እሱን ትቦረቡራለች።

የጣዝማ ነገርም ይነሳል፤ ማሯ ለመድኃኒት ስለሚፈለግ ሰው ሁሉ ይመኛታል። ጣዝማ የማትናደፍ፣ ጎጆዋን ከመሬት ሥር የምትሠራ ጥቃቅን ንብ ናት። መግቢያዋን ጓሮዎ ውስጥ ካገኙ ዙሪያውን በድንጋይ ከልለው ዶማና ውሃ እንዳይደርስበት ያድርጉ። ቆፍሮ ወደ ሸክላ ማዛወር በተመራማሪዎች እጅ ይሞከራል፤ በጓሮ ግን የሚቆፍራት ሰው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ማንኪያ ማር ያገኝና ጎጆዋን ያጠፋል።